የኮርስ ብስክሌት ነጂዎችን በኩራት አንክሰስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ ብስክሌት የሚነዳው ሰው እየበዛ ሲመጣ አንድ ክስም አብሮ እየተደጋገመ ነው፤ ይኸውም በእንጦጦ ጫካ ማውንቴን (የተራራ) ብስክሌት የሚነዱት ተግባቢዎች ሲሆኑ፣ በሱሉልታ መንገድ ኮርስ ብስክሌት፣ ማለትም ቀጭን ጎማ ያለውን የአስፋልት መወዳደሪያ፣ የሚነዱት ግን የእግዜር ሰላምታ እንኳ የሚነፍጉ ኩሩዎች ናቸው የሚል ነው። ሁለቱንም የምነዳ ሰው ስለሆንሁ ክሱ ሙሉ በሙሉ አይዋጥልኝም።

ልዩነቱን የፈጠረው ከሰዎቹ ጠባይ ይልቅ መንገዱ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሚደርሰው እንጦጦ ላይ ብርቱውም ደካማውም ዳገቱን ሲጨርስ ቆሞ ትንፋሹን መሰብሰብ ስላለበት፣ እዚያው ጨዋታ ይጀመራል። ጎማ ቢተነፍስ በአቅራቢያ ጎሚስታ የለም፤ ስለዚህ አንዱ ትርፍ ካላማዳሪ ያውሳል፣ ሌላው መንፊያ ያቀብላል፣ ሦስተኛው ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ምንም የማያውቀው፣ ምክር ይሰጣል። በጠባቡ መንገድ ቁልቁል የሚወርደው ለሚወጣው ቅድሚያ ሲሰጥም ሁለቱ ሳይተያዩ አይተላለፉም።

አስፋልት ላይ ግን የፊተኛውን ጎማ በቅርብ ርቀት እየተከተለ፣ አይሱዙና ሚኒባስ በጎኑ እየበረሩ የሚያልፉትን ነጂ፣ እጅህን ከመሪው አንሥተህ ሰላም በል ማለት አደጋ መጋበዝ ነው። መተሳሰቡ በሌላ መልክ ይገለጣል። ከፊት ያለው ነፋሱን ሲሰብር ከኋላ ያለው ጉልበት ይቆጥባል፤ የፊተኛው ሲደክመው ወደ ጎን ወጥቶ ተራውን ይለቃል፤ የተቦረቦረ አስፋልት ወይም ክዳኑ የተነሣ የፍሳሽ ጉድጓድ ሲያይ በጣቱ ያመለክታል፤ ምልክቱም እስከ መጨረሻው ነጂ ይተላለፋል። በ2008 ዓ.ም. በታላቁ የፈረንሳይ የብስክሌት ውድድር በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይም በፕሮፌሽናል ዘመኑ ብዙ የደከመው ለቡድን ጓደኞቹ ነው።

የምቀበለው ሌላ ወቀሳ ግን አለ። አንዳንድ የኮርስ ብስክሌት ቡድኖች «ኑ፣ አብረን እንንዳ» ብለው የጋበዙትን ጀማሪ በመጀመሪያው ዳገት ጥለውት ይሄዳሉ። ከኋላው ዕቃ ጭኖ በአሮጌ ብስክሌት ወደ ሥራው የሚሄደውንማ እንደ ብስክሌተኛም አይቆጥሩት። ለዚህ ፍጥነት ማመካኛ ሊሆን አይችልም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የብስክሌት መስመሮች ልጆችን፣ ዕቃ አድራሾችንና ስፖርተኞችን በአንድ ላይ ማስተናገድ ስለጀመሩ ደግሞ ጉዳዩ ችላ የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

ስለዚህ የቡድን አስተባባሪዎች ከመነሻው በፊት የጉዞውን ፍጥነት እንዲያሳውቁ፣ አንድ ልምድ ያለው ሰው ከሁሉም ኋላ እንዲነዳ እንዲመድቡ፣ ከየዳገቱ በኋላም ቆመው የቀሩትን እንዲጠብቁ እጠይቃለሁ። በከተማ መስመር ላይ ሌላውን የሚቀድሙ ነጂዎችም አስቀድመው ደወል ያሰሙ፤ ደወል ከኮርስ ብስክሌት ጋር አይሄድም የሚሉ ካሉ፣ ድምፃቸው ይበቃል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ብስክሌት ነጂ፣ ከአዲስ አበባ