የእግር ጣት ከመቆረጡ በፊት የእጅ ጣት ይወጋ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ስኳር በሽታ በተጻፈ ቁጥር የምናነበው ምክር ያው ነው። ጣፋጭ ቀንሱ፣ በእግር ሂዱ፣ ቦርጭ አጥፉ። ምክሩ ልክ ነው፤ ነርስ ስለሆንኩ እኔም ቀኑን ሙሉ የምለው እሱን ነው። የሒሳቡ ነገር ግን ሁልጊዜ ይዘለላል።

በቅርቡ አንድ አባት እግራቸው ቆስሎ መጡ። ጫማቸውን ሳወልቅ አንዲት ምስማር ሶሉን በስታ ወደ ውስጥ ብቅ ብላለች። ለቀናት ሲረግጧት ኖረዋል። ምንም አልተሰማቸውም፤ ስኳሩ የእግራቸውን ነርቭ አደንዝዞታል። ስኳር እንዳለባቸው ያወቁትም ያን ዕለት ነው። «የሀብታም በሽታ አይደል እንዴ?» አሉኝ፣ ከልባቸው ተገርመው። ሁለት ጣታቸው ተቆረጠ። ልጃቸው ሥራውን ትቶ አስታማሚ ሆነ። ከአንድ ቤት ሁለት ገቢ ቀረ ማለት ነው፤ የመድኃኒቱ ወጪ ገና ሳይነሳ።

የሀብታም በሽታ የሚለው አባባል ብዙ ሰው አስጨርሷል። የዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን ግምት እንደሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ስኳር ያለባቸው አዋቂዎች 589 ሚሊዮን ነበሩ። ከአምስቱ አራቱ የሚኖሩት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ከአሥሩ አራቱ ደግሞ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። የጤና መድን በሌለበት አገር ኩላሊት ሲደክምና በሳምንት ሦስቴ እጥበት ሲታዘዝ የሚከፍለው ማን ነው? ቤተሰብ ነው። ያለውን ሸጦ፣ ከዚያ ተበድሮ።

ውፍረትንም «ድሎት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ኪሱ የሳሳ ሰው ቶሎ የሚያጠግበውን ነው የሚገዛው፤ እሱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር ነው። ረሃብም ራሱ ዱካ ይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት ኔዘርላንድስ ውስጥ ረሃብ በገባ ጊዜ በማህፀን የነበሩ ልጆች፣ አድገው ሲመረመሩ ሰውነታቸው ስኳርን በደንብ መቆጣጠር አቅቶት ተገኝቷል። በማህፀን ተርቦ፣ በጉልምስናው ለስላሳና ጣፋጭ የሚጠብቀው ሰው ሁለቴ ተመታ ማለት ነው።

መከላከል ይቻላል ወይ ለሚል፣ ቻይና ገና ድሃ ሳለች የሠራችውን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1986 ዳቺንግ ከተማ ውስጥ ስኳር አፋፍ ላይ የደረሱ 577 ሰዎች ተመረጡ። ከፊሎቹ ለስድስት ዓመት ስለ አመጋገብና እንቅስቃሴ ምክርና ክትትል አገኙ። መድኃኒት አልነበረበትም። ከ30 ዓመት በኋላ ሲታይ ክትትል ያገኙት በሽታው የያዛቸው በአማካይ አራት ዓመት ያህል ዘግይቶ ነው። በልብና በደም ሥር ሕመም የሞተውም አነሰ። አራት ዓመት ምን አላት እንዳትሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ መድኃኒት አለመግዛት ነው።

ምክር ብቻውን ግን አይበቃም። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2014 ስኳር ባላቸው መጠጦች ላይ በሊትር አንድ ፔሶ ቀረጥ ጣለች፤ ሽያጩ ቀነሰ። ቺሊ እ.ኤ.አ. በ2016 ስኳር በበዛበት ምግብ ማሸጊያ ላይ ጥቁር ምልክት አስለጠፈች። ደቡብ አፍሪካም እ.ኤ.አ. በ2018 ለስላሳ ላይ ቀረጥ ጀመረች። «ቀረጡ ድሃውን ይጎዳል» የሚሉ አሉ። እንግዲህ የጣት መቆረጥ ማንን እንደሚጎዳ እኔ አይቻለሁ። እርግጥ ገንዘቡ ወደ ጤና ጣቢያ ካልሄደ ያው አንድ ተጨማሪ ግብር ነው፤ እዚህ ላይ እኔም ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስለ ስኳር ስትጽፉ ከምክሩ ጎን አንድ ጥያቄ ጨምሩልን። ጣት ወግቶ ስኳር የሚለካበት ስትሪፕ በየጤና ጣቢያው አለ ወይ? እኔ የምሠራበት ክፍል ባለፈው ሳምንት አልቆበት ነበር።

አንዲት ነርስ