ልብስ ሰፊውን አያስነሱት

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንዴት ከረሙ አባባ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኔ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እማዬ በስልክ ያለችኝ ነገር ከነከነኝ። ልብስ ሰፊውን ከጨርቅ ሱቅዎ በረንዳ አስነስተው ቦታውን ለስልክ ከቨር ሻጭ ሊያከራዩት ነው አሉ። ገበያው እንደቀዘቀዘ አውቃለሁ። ብትን ጨርቅ ዛሬ ማን ይገዛል? ሳልባጁ አለ፣ ተሰፍቶ የሚመጣው የቻይና ልብስ አለ፣ ቴሌግራም ላይ በፎቶ የሚሸጠው አለ። የደጀን መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ ከመርካቶ የሚመጣው ዕቃ ይቀራል። እርስዎ ግን «የማርቆስ ሰው ወረተኛ ሆነ» ብለው ይደመድማሉ። ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም።

እዚህ እንግሊዝ አገርም የመሀል ከተማ ሱቆች እየተዘጉ ነው። ውልወርዝ የሚባል፣ ከረሜላውንም ድስቱንም የሚሸጥ ሱቅ ነበር። 800 ያህል ቅርንጫፍ ነበረው። በፈረንጅ 1909 ሊቨርፑል ላይ ተከፍቶ፣ መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት ተዘጋ። አፄ ቴዎድሮስ ሳይወለዱ፣ በ1778 የተመሠረተው ደበንሃምስም በ2021 ሱቆቹን ዘጋ። እነሱም ወረት ነው የገደላቸው?

ሰዉ ሁሉ ኢንተርኔትን ይረግማል። እውነት አለው፤ ለችርቻሮ ከሚወጣው ገንዘብ ሩብ ያህሉ ዛሬ በኢንተርኔት ነው። ግን ከዚያ በፊት ከከተማ ወጣ ብሎ መኪና በነፃ የሚቆምበት ትልልቅ የገበያ ቦታ ተሠርቶ ነበር። መሀል ከተማ የቀሩት ትልልቅ ሱቆች ደግሞ ሸጡም አልሸጡም በቤቱ የኪራይ ግምት ግብር ይከፍላሉ። በኛ አቆጣጠር በ2009 ክረምት ያንን ሁሉ ነጋዴ ያስጮኸው የኛ የቀን ገቢ ግምት ትዝ አለኝ።

አንዳንዱ የተዘጋ ሱቅ ውስጥ የገባው የበጎ አድራጎት ሱቅ ነው። ሰው የለገሰውን ልብስ ይሸጣል፤ ከግብሩም 80 በመቶ ይቀነስለታል። ካልተሸጠው ከፊሉ ተጠቅጥቆ በቦንዳ ወደ አፍሪካ ይላካል። ማን ያውቃል፣ እርስዎን የሚፎካከርዎት ሱሪ የጎረቤቴ ሱሪ ይሆናል!

ከሁሉ የከፋ የሚመስለኝ ግን የባንኩ ነገር ነው። በፈረንጅ ከ2015 ወዲህ ከ6,000 በላይ የባንክ ቅርንጫፍ ተዘግቷል። ባንክ ብላ የወጣች አሮጊት በዚያው ዳቦዋን ትገዛ፣ ጫማዋን ታሳድስ ነበር። ባንኩ ሲዘጋ የምትወጣበት ጉዳይ ጠፋ። ዳቦ ቤቱ ምንም ሳያጠፋ ገበያተኛው ቀረበት።

የእርስዎ ባንክ ያ ልብስ ሰፊ ነው አባባ። አንዲት ሴት ዚፕ ልታስቀይር ትመጣለች። እስኪጨርስላት በርጩማው ላይ ቁጭ ትላለች፤ ዓይኗ ግን መደርደሪያዎ ላይ ነው። ክር ትገዛለች። ገበር ትጠይቃለች። የልጇን የዩኒፎርም ጨርቅ ዋጋ ትከራከራለች። ከቨር የሚገዛው ጎረምሳ ግን ከፍሎ እብስ ነው፤ ጨርቅዎን ቀና ብሎም አያየው። ቴሌግራምም ቢሆን ዚፕ አይቀይርም።

ሌላም ነገር አለ። ሱቁ የቀበሌ ነው። አያቴ በ1967 በትርፍ ቤት አዋጅ ሲወረስባቸው እንዴት እንዳዘኑ ነግረውኛል። ዛሬ ግን ሱቁን ያቆየልዎ ያ ትንሽ የቀበሌ ኪራይ ነው፤ የግል አከራይ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ዘግተውት ነበር። በረንዳውን ለሌላ አከራይተው ነገ «ውል አፈረሱ» ቢባሉስ? ለዚያች ብር ሲሉ ሱቁን አደጋ ላይ አይጣሉት።

የከቨሩ ልጅ ሊከፍል ያሰበውን ብር እኔ በየወሩ እልካለሁ። ለመስከረም የሚሆን የዩኒፎርም ጨርቅም ከአሁኑ ያስመጡ፤ የሚጎድለውን ይንገሩኝ። ሰፊው ጋር ይነጋገሩ፤ ጨርቁን ከእርስዎ ለገዛ በስፌቱ ዋጋ ላይ ትንሽ ቢቀንስ ለሁለታችሁም ይበጃል። እማዬን ሳሙልኝ። ጉልበትዎን ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ሐኪም ያሳዩት።

ልጅዎ