ቆጥሮ የኖረ መንግሥት አላውቅህም አይበል፦ ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ አረጋውያን ታራሚዎች ከመፈታታቸው በፊት መታወቂያና ማኅበራዊ ድጋፍ እንዲዘጋጅላቸው ስለመጠየቅ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አጎቴን ከአንድ ማረሚያ ቤት በር ላይ ከተቀበልኩ ወዲህ ስምንት ወር ሙሉ በየቢሮው ደጃፍ ስመላለስ ከቆየሁ በኋላ ነው። አጎቴ የ71 ዓመት ሰው ናቸው። 20 ዓመት ተፈርዶባቸው፣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 በሚፈቅደው መሠረት ሁለት ሦስተኛውን ጨርሰው በአመክሮ ወጥተዋል። ማጥፋታቸውን እሳቸውም እኛም አንክድም፤ አቤቱታዬም ስለ ፍርዱ አይደለም።

የተፈቱ ዕለት የያዙት በፌስታል የተቋጠረ ልብስ፣ ሸማ ሠርተው ያጠራቀሙት ጥቂት ብርና የመፍቻ ወረቀታቸውን ብቻ ነበር። መታወቂያ ለማውጣት ወደ ወረዳ ስንሄድ ከቀድሞ ቀበሌያቸው መሸኛ እንድናመጣ ታዘዝን፤ የቀድሞው ቀበሌ ደግሞ ፋይላቸው ስለጠፋ የሚያውቋቸው ጎረቤቶች ቀርበው ይመስክሩ አለ። ከጎረቤቶቻቸው አንዱ ሞተዋል፣ ሌላው ሰፈሩ ሲፈርስ ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ የለም። ከ13 ዓመት በላይ በየዕለቱ ሲቆጥራቸው የኖረ መንግሥት፣ ማንነታቸውን የሚያስረዳ ሰው ከውጭ ፈልጋችሁ አምጡ ማለቱ እስካሁን አልዋጥልህ ብሎኛል።

መታወቂያ ስለሌላቸው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል መሆን አልቻሉም። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ የሕክምና ካርዳቸው ግን እዚያው ማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ቀርቷል። ጤና ጣቢያ ሐኪሟ የሚወስዱትን መድኃኒት ስትጠይቃቸው «ነጯን ጠዋት፣ ቢጫዋን ማታ» ብለው መለሱላት፤ ምርመራው እንደ አዲስ ተጀመረ። እሳቸውን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቃቸው ደግሞ፣ ለዓመታት ሲከፍሉበት የነበረው እድር ስማቸውን ሰርዞ እንደ አዲስ ገቢ መዋጮ መጠየቁ ነው። ቀባሪ አጥቼ እንዳልሞት እያሉ ሌሊት ይነሣሉ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲንከባከብ ያዛል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የወጣው የኔልሰን ማንዴላ ደንብም በቁጥር 108 ላይ፣ ታራሚ ሲፈታ ሰነድና መታወቂያ፣ ማረፊያ፣ ለወቅቱ የሚስማማ ልብስና ካሰበበት የሚደርስበት ገንዘብ እንዲኖረው ይላል። ይቅርታ በድንገት ሊመጣ ይችላል፤ የአመክሮ ቀን ግን አስቀድሞ የሚሰላ ነውና ለመዘጋጀት ጊዜ አልነበረም ሊባል አይችልም።

ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከፌዴራልና ከክልል ማረሚያ ቤቶች ጋር ተስማምቶ፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆነ ታራሚዎች ሊፈቱ ስድስት ወር ሲቀራቸው የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ እንዲመድብላቸው እጠይቃለሁ። ባለሙያው ታራሚው የፋይዳ ምዝገባውን እዚያው ግቢ ውስጥ እንዲጨርስ ያድርግ፣ የመፍቻ ወረቀቱ በመሸኛ ፈንታ እንዲያገለግል ከወረዳው ጋር ይጨርስ፣ የሕክምና ካርዱን ቅጂ ያስይዘው፣ ለእድሩም ደብዳቤ ይጻፍለት። እኛ ቢያንስ እህቴ ጓዳዋን ለቃላቸዋለች፤ የሚቀበለው ዘመድ የሌለው አረጋዊ ግን በር ላይ ከመድረሱ በፊት የሚገባበት የእንክብካቤ ማእከል ሊታወቅ ይገባል።

በጽሑፍ የምትሰጡኝን ምላሽ እጠብቃለሁ።

ከሠላምታ ጋር
የአንድ የቀድሞ ታራሚ የእህት ልጅ