ስሙን ከወሰዳችሁ ታሪኩንም ውሰዱ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ሰሞኑን «መጽሐፍ ሌላ፣ ፊልም ሌላ፤ ዳይሬክተሩን ለቀቅ አድርጉት» የሚል አስተያየት አውጥታችኋል። ግማሹ ልክ ነው። ሌላው ግማሽ ግን እዚህ ጎንደር አማርኛ የማስተምርበት ክፍል ድረስ መጥቶ እያስቸገረኝ ነው።

መቁረጥን አልቃወምም። አምስት መቶ ገጽ በሁለት ሰዓት አያልቅም። ገጸ ባሕርይ ይቀነሳል፣ ሁለት ትዕይንት አንድ ይሆናል። በመጽሐፍ ሦስት ገጽ የፈጀውን ጭንቀት ጥሩ ተዋናይ በዓይኑ ብቻ ይጨርሰዋል። ይሄ ሙያ ነው።

ግን ፍቅር እስከ መቃብርን እንውሰድ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ልቦለድ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል ፍቅር ብቻ ነው እንዴ? ፊታውራሪ መሸሻ ገባሩን ከደንቡ በላይ ሲጠይቁት ገበሬው በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ይላል። ጉዱ ካሳ እውነቱን ስለተናገረ እብድ ይባላል። የፍቅረኞቹን መንገድ የዘጋውም ያው የዘርና የማዕረግ ሥርዓት ነው። እስቲ አመጹን አውጡት፤ ጉዱ ካሳን ማሳቂያ አድርጉት፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ዳሯቸው። ምን ቀረ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ድምፁንና ነፍሱን ሰጠው፤ ታሪኩን ግን እንዳለ ነው ያደረሰን።

ባለፈው ፈተና ስለ አንድ ሌላ ልቦለድ ፍጻሜ ጠይቄ ነበር። ጎበዝ ከምላቸው ተማሪዎች አንዷ «ሙሽራዋን ከድንኳኑ አስወጥቶ በመኪና ይዟት ሄደ» ብላ ጻፈች። መጽሐፉ ውስጥ ልጁ ይሞታል። መኪናም የለም። ፊልሙን አይታ ነው። ምን ልበላት? የመጽሐፉ ስም ፖስተሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ቤተ መጻሕፍታችን ያለው ቅጂ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ገጹ የተገነጣጠለ። ፊልሙ ግን በየልጁ ስልክ ላይ አለ።

ጀርመናዊው ደራሲ ሚካኤል ኤንዴ እ.ኤ.አ. በ1984 መጽሐፉ ከልክ በላይ ተቀይሮ ፊልም ሲሆንበት ርዕሱን ለውጡ ብሎ ከሰሰ። ተረታ፤ ስሙን ግን ከመክፈቻው አስወጣ። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲዛባ እንዲቃወም መብት ሰጥቶታል። ደራሲው ካለፈ በኋላስ? ያኔ አንባቢም ዝም ማለት የለበትም።

የጎንደሩ ልጅ ብርሃኑ ዘርይሁን በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ላይ የጻፈው የታንጉት ምስጢር አንድ ቀን ፊልም ቢሆን ደስታውን አልችለውም። ግን ለካሜራ ያምራል ተብሎ ንጉሡ ፋሲል ግቢ ዙፋን ላይ እንዳይቀመጡብን። መናገሻቸው ደብረ ታቦርና መቅደላ ነበር፤ ጎንደርንማ በ1859 ዓ.ም. አቃጥለዋታል።

ለፊልም ሠሪዎቻችን ያለኝ ጥያቄ ይሄው ነው። ታሪኩን ከለወጣችሁ ርዕሱንም ለውጡ። መክፈቻው ላይም «ከእገሌ መጽሐፍ መነሻ ሐሳብ የተወሰደ» ብላችሁ በጉልህ ጻፉ፤ ልጆቹ የሚያዩት መጽሐፉን እንዳልሆነ ይወቁ።

የአማርኛ መምህር፣ ከጎንደር