ሪንግ ላይ ወድቆ ለተነሣው ልጃችን ለደረሳችሁለት ሁሉ፦ የቦክስ ክለባችን ምስጋና

በክለቦች ውድድር በ67 ኪሎ ሲጋጠም በሁለተኛው ዙር በዝረራ የወደቀው ልጃችን ከሆስፒታል ወጥቶ ቤቱ ገብቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሲቲ ስካኑ ደም መፍሰስ አላሳየም፤ ሐኪሞቹ የአንጎል መናወጥ ነው ብለዋል። ለጸለያችሁ፣ ለደወላችሁ፣ ሆስፒታል በር ላይ ላመሻችሁ ሁሉ ክብረት ይስጥልን።

ቀዳሚው ምስጋና ለመሐል ዳኛው ነው። ልጁ ጃብ (በፊተኛው እጅ የሚሰነዘር ቀጥተኛ ቡጢ) ሰንዝሮ ግራ እጁን ወደ አገጩ ሳይመልስ የተጋጣሚው የቀኝ እጅ ቡጢ መንጋጋው ላይ አረፈ። እንዲህ ያለ ቡጢ ጭንቅላትን በቅጽበት ያዞራል፤ አንጎል ግን ከራስ ቅሉ እኩል አይዞርም፤ ሰው ራሱን የሚስተው በዚህ ነው። ክንዶቹ ተገትረው ወደ ኋላ ሲወድቅ ዳኛው መቁጠር አልጀመሩም። እጃቸውን አወናጭፈው ግጥሚያውን አቆሙ፣ ሐኪሙን ጠሩ። ከአዳራሹ «ቁጠርለት! ወንድ ነው፣ ይነሣል!» የሚል ጩኸት ነበር። ራሱን በሳተ ልጅ ላይ ቆሞ እስከ አሥር መቁጠር ሐኪሙን ከማዘግየት በቀር ምንም አይፈይድም። ዳኛው ቸኮሉ ለምትሉም፦ እ.ኤ.አ. በ1982 ደቡብ ኮሪያዊው ኪም ዱክ ኩ ላስ ቬጋስ ላይ ከሬይ ማንቺኒ ጋር እስከ 14ኛው ዙር ተጋጥሞ ወደቀ፤ ከቀናት በኋላም ሞተ። የዓለም ቦክስ ምክር ቤት የሻምፒዮና ግጥሚያን ከ15 ዙር ወደ 12 ያወረደው ከዚያ በኋላ ነው።

የሪንጉን ወለል የሠሩት አናጢ ሥራቸውን ማንም ልብ አላለውም ነበር። ከጣውላው በላይ ጥቅጥቅ ያለ ስፖንጅ አንጥፈው ሸራውን በደንብ ወጠሩት። ለስላሳ ስፖንጅ እግር ይውጣል፣ ቁርጭምጭሚት ያዞራል፤ ባዶ ጣውላ ደግሞ የወደቀን ልጅ ማጅራቱን ዳግመኛ ይመታዋል፤ ይኼ ሁለተኛው ምት ከቡጢው ይልቅ ሊጎዳው ይችላል።

ሐኪሙና ነርሷ ያደረጉትን ሁሉም አሠልጣኝ ቢማረው እንወዳለን። ሐኪሙ ጭንቅላቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ከአንገቱ ጋር ቀጥ አደረጉት፤ ነርሷ የጥርስ መከላከያውን በጣቷ አወጣች፤ ከዚያ መንጋጋውን ወደ ፊት ገፋ አድርገው ትንፋሹን አዳመጡ። ክብሪት ጭሮ ሊያሸትተው የመጣውንና ውሃ ሊያፈስበት የመጣውን ሰው በትሕትና መለሱ። ጭስ የሸተተው ሰው ጭንቅላቱን በድንገት ሊወረውር ይችላል፤ አንገቱ ተጎድቶ ከሆነ ይብሳል። ውሃውም ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ስሙን ጠይቀውት እስኪመልስ ድረስ ማንም አላነሣውም። የአምቡላንሱ ሾፌርም መኪናውን ከመጀመሪያው ግጥሚያ በፊት አፍንጫውን ወደ በሩ አዙሮ ስላቆመው ለመውጣት ማንንም «መኪናህን አንሣ» ማለት አላስፈለገም።

ለተጋጣሚው ልጅ የተለየ አክብሮት አለን። ገለልተኛው ጥግ (የሁለቱም ቡጢኞች ያልሆነው የሪንጉ ማዕዘን) ሄዶ ቆመ፤ እጁን አላነሣም፣ አልፎከረም። በማግስቱ ከአሠልጣኙ ጋር ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣ። የመታው በሕጉ ነው፤ አንዳችም ጥፋት የለበትም። በሰፈር «ብድሩን ይመልሳል» የምትሉ ወንድሞች፣ እባካችሁ ተዉን። በሁለቱ መካከል ብድር የለም።

እናቱና እህቶቹ ክፍሉን አጨልመው፣ ቴሌቪዥንና ስልክ አርቀው አሳርፈውታል። ጠያቂ የሆናችሁ ጎረቤቶችም አጥሚቱን በር ላይ ሰጥታችሁ ስለተመለሳችሁ እናመሰግናለን፤ በባህላችን ሳይገቡ መመለስ እንደሚከብድ እናውቃለን።

«መቼ ይመለሳል?» ለሚሉን፦ በዓለም አቀፉ የአማተር ሕግ ጭንቅላቱን ተመትቶ በዝረራ የወደቀ ቡጢኛ ቢያንስ 30 ቀን ስፓሪንግም (የልምምድ ፍልሚያም) ግጥሚያም አይገባም፤ ራሱን ከሳተ ደግሞ ጊዜው ይረዝማል። ሲመለስም መጀመሪያ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ገመድ መዝለል፣ ከዚያ ከረጢት መምታት፤ ስፓሪንግ የመጨረሻው ነው፣ እሱም በሐኪም ወረቀት። በአንዱ ደረጃ ራስ ምታቱ ከተመለሰ ወደ ቀድሞው ይወርዳል። የመጀመሪያው ሳይድን ሁለተኛ ምት ቢያገኘው አንጎል ሊያብጥና ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ልጁ ራሱ «ደህና ነኝ» ቢልም አናስገባውም።

ቃሬዛውን ላዋሰን ጤና ጣቢያ፦ ታጥቦ ተዘጋጅቷል፣ ሰኞ ጠዋት እናደርሳለን። ሐኪሙ ለአሠልጣኞች የመጀመሪያ እርዳታ ሊያስተምሩ ፈቃደኛ ስለሆኑ የሌሎች ክለቦች አሠልጣኞችም መጥታችሁ ከእኛ ጋር ተማሩ።

የክለቡ አሠልጣኞችና ቡጢኞች