ኮንጎ ጫማ ያደረገው ጭራቅ

እናቴ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ እናትሽ ጋቢ ደርባ እሳት ዳር ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ የሠራሽውን የጭራቅ ፊልም ለአራተኛ ጊዜ አይቼ መጨረሴ ነው።

መጀመሪያ ስለ አስተማሪሽ። "የፈረንጅ ኮፒ ነው" ብሎ ክፍሉ ፊት ማሳፈሩ አንጀቴን በላው። ግን እውነቱን እንነጋገር፣ ኮፒ ነው። ሰዎች መውጫ የሌለው ቦታ ይገባሉ፣ አውሬው አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል፤ ይሄ በፈረንጆቹ 1979 የወጣው፣ ጠፈር ላይ መንኮራኩር ውስጥ የሚሆነው "ኤሊየን" የሚባል ፊልም ነው፣ ያንቺ መንኮራኩር የጣርማበር ዋሻ ከመሆኑ በቀር። ታዲያ ምን ይጠበስ?

አንቺ ሳትወለጂ እዚሁ ከተማ ቪዲዮ ቤት በር ላይ ሳንቲም ተቀባይ እንደነበርኩ ነግሬሽ የለ? የካሴቱ ሽፋን ላይ ተራራ የሚያክል አውሬ ይሳላል፣ ዴክ ውስጥ ሲገባ የጎማ አሻንጉሊት ይወጣል። ሰው ይስቃል፣ ይሳደባል፣ ሳንቲማችንን መልስ ይላል፤ በማግስቱ ያው ሰው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ።

የነዚህ ፊልሞች አባት ሮጀር ኮርማን የሚባል አሜሪካዊ ነው፣ በ2024 በ98 ዓመቱ ነው ያረፈው። ስፒልበርግ የሚባለው ዳይሬክተር የሠራው የሻርክ ፊልም በ1975 ዓለምን ሲያስጮህ፣ የኮርማን ኩባንያ በ1978 "ፒራኛ" ብሎ ትንንሽ ዓሦች ይዞ መጣ። ስፒልበርግ ራሱ ወደደው ይባላል። ሻርኩን ራሱን የገለበጡት ጣሊያኖች ግን ፊልማቸው አሜሪካ ውስጥ በፍርድ ቤት ታገደባቸው። ልዩነቱ ይገባሻል መቼም፤ አንዱ የራሱን ጨመረበት፣ ሌሎቹ እንዳለ ገለበጡት።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። "ኤሊየን" ሲያተርፍ ኮርማን በ1981 "ጋላክሲ ኦፍ ቴረር" የሚል ርካሽ ኮፒ አሠራ። የመንኮራኩሩን ውስጥ የሠራው አንድ ወጣት ነበር፣ የሳንድዊች ማሸጊያ የፎም ሳጥን ግድግዳ ላይ ለጥፎ ቀለም ቀባው አሉ። ጄምስ ካሜሮን ነው ልጁ! ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1986፣ የዋናውን የ"ኤሊየን"ን ክፍል ሁለት ዳይሬክት ያደረገው እሱ ነው። ኮፒውን ሲሠራ የነበረ ሰው ዋናውን ተረከበ ማለት ነው። ይህንን ለአስተማሪሽ አትንገሪው፣ ነገር ይሆናል።

የኔ ቅሬታ ሌላ ነው። ጭራቅሽን በሦስተኛው ደቂቃ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አሳየሽን። ወንድምሽ የአያትሽን በርኖስ ለብሶ፣ ከታች ኮንጎ ጫማው ቁልጭ ብሎ ይታያል። እናትሽ ስቃ ልትሞት!

በርኖሱ አይደለም ችግሩ። የ"ኤሊየን"ም አውሬ ልብስ የለበሰ ሰው ነበር፣ ቦላጂ ባደጆ የሚባል ከ2 ሜትር በላይ የሚረዝም ናይጄሪያዊ ተማሪ። ግን ጨለማ ውስጥ አንዴ ጅራት፣ አንዴ ጥርስ ብቻ እያሳዩ አስጨነቁን። የስፒልበርግ ሻርክም ማሽን ነበረ፣ ጨው ውሃ እየገባበት ስለተበላሸ በሱ ፈንታ ሻርኩ ላይ ታስሮ ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ በርሜል አሳየን፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ሻርኩን በደንብ ሳናየው ፈራነው። ገንዘብ የሌለው ሰው መደበቅ መቻል አለበት። የቪዲዮ ቤቱ ሰው "ሳንቲሜን መልስ" የሚለው እኮ አሻንጉሊቱ ሙሉ ለሙሉ ሲታየው ነው፣ እስከዚያ ትንፋሹን ውጦ ነበር።

እና አንቺ ጣርማበር እያለሽ! ያ ጉም ሲወርድ ሰው የራሱን እጅ አያይም፣ ፈረንጆቹ እኮ ጭስ በማሽን ነው የሚሠሩት። ለእንቁጣጣሽ ስትመጪ ጉሙ ገና አይገፈፍም፣ በማለዳ እንውጣ። ካሜራውን ዋሻው አፍ ላይ ትከይው፣ ትንፋሽና ኮቴ ብቻ አሰሚን፣ በመጨረሻ ከጉሙ የበርኖሱ ጫፍ ብቅ ይበል፣ በቃ።

ወንድምሽን አነጋግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል፣ ግን ዳቦና ሻይ አንቺ ነሽ የምትችይው። በርኖሱን እናትሽ አራግፋ ሰቅላዋለች። ኮንጎውን ደብቄዋለሁ።

አባትሽ