እማዬ፣ ከቀዶ ጥገናው በፊት አንድ ነገር ንገሪኝ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማ ዝናቡ አላቋርጥ ብሏል። ይህን የሚያነብልሽ ታናሼ እንደሆነ አውቃለሁ። ቅር የሚለው ቦታ ቢኖርም ሳይዘል እንዲያነብ ንገሪልኝ።

የሐሞት ጠጠሩ ቀዶ ጥገና ስኳርሽ እስኪስተካከል ተራዘመ አለኝ። ፍልሰታ ደግሞ እየደረሰ ነው። አንቺ ኢንሱሊን እየወጋሽ እስከ 9 ሰዓት እህል ሳትቀምሺ ልትውዪ ነው። እማዬ፣ በማርያም ይዤሻለሁ፣ መጀመሪያ የንስሐ አባትሽንና ሐኪሙን አማክሪ። ስኳር ድንገት ሲወርድ ሰው አጠገቡ ደራሽ እንኳ ሳያገኝ ነው የሚወድቀው።

የላክሽው በሶ ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ። ልጆቹ ጨርሰውታል። ማሙሽ የፊት ጥርሱ ወልቋል። ሚጡ 6ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አለፈች። አሁን ግን ከጉሬዛ ሌላ ወሬ የላትም። ትምህርት ሳይዘጋ ተማሪዎቼን በለጠ ጫካ ስወስድ ይዣት ሄጄ ነበር። ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሸቤ አካባቢ ያለው ጫካ ነው።

አንቺ ጉሬዛን የምታውቂው መደብ ላይ ተነጥፎ ነው። አባዬ ያመጣውን ቆዳ ማለቴ ነው። እኔም ጅማ እስክመጣ ድረስ ሌላ መልክ ያለው አይመስለኝም ነበር። በሕይወት ሲታይ ግን አቤት ማማሩ! ሲዘል ከጎንና ጎኑ የሚወርደው ነጭ ጸጉር ይበተናል። አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፣ ትንሽ ጉጥ ብቻ ናት። በቀሩት አራት ጣቶቹ ቅርንጫፉን ቆልፎ ይይዛል። ሊነጋጋ ሲል ወንዱ ያጓራል። የጎረቤት መንጋ ወንድ ይመልስለታል፣ ከዚያ ጫካው ሙሉ ይቀባበለዋል። ምግቡ በአብዛኛው ቅጠል ነው። ሆዱ እንደ ላም ክፍል ክፍል አለው፤ ውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ቅጠሉን ያብላሉለታል። ይህ ጊዜ ስለሚወስድ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ዛፍ ላይ አርፎ ያሳልፋል።

መንጋው ብዙውን ጊዜ አንድ አውራ ወንድ፣ ጥቂት ሴቶችና ልጆቻቸው ናቸው። ወንዶቹ ሲጎረምሱ ጥለው ይሄዳሉ። ሴቶቹ በአብዛኛው በተወለዱበት፣ ከእናታቸው ጋር ይቀራሉ። ይህን ለተማሪዎቹ ሳስረዳ ድምፄ ተቆራረጠብኝ። እኛ ቤት ወንዶቹ ቀሩ፣ የሄድኩት እኔ ነኝ።

ልጁ ሲወለድ ድፍን ነጭ ነው፣ ፊቱም ቀላ ያለ። የትልቆቹን መልክ የሚይዘው 3 ወይም 4 ወር ሲሞላው ነው። እስከዚያ ሌሎቹ ሴቶች ሲያዩት አያስችላቸውም። ከእናቱ ተቀብለው ያቅፉታል፣ ጸጉሩን እየፈለፈሉ ያጸዱለታል፣ ይቀባበሉታል። እናቱም ትሰጣቸዋለች። እኛ ባየነው ዛፍ ላይ ግን አንዲት ገና ያልወለደች ኮረዳ ሕፃኑን በአንድ እግሩ ይዛ ጎተተችው። ጮኸ። እናትየው የያዘችውን ቅጠል ጣለችና መጥታ ነጠቀቻት። ደረቷ ላይ ለጥፋው ፊቷን አዙራ ተቀመጠች። ሚጡ እጄን ይዛ፣ «እማ፣ ሲጮህ ሰማችው አይደል?» አለችኝ።

እኔም ጮኼ ነበር፣ እማዬ። እትዬ ቤት በር ላይ፣ ቀሚስሽን ይዤ። አውቶቡሱ እንዳያመልጥሽ ብለሽ ጣቶቼን አንድ በአንድ አላቀቅሻቸው። እትዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከልጆቿ ለይታኝ አታውቅም። አስተማረችኝ፣ ዳረችኝ። ጅማንም እወዳታለሁ፣ ኑሮዬ እዚህ ነው። አንቺ ግን «ለገና እመጣለሁ» ብለሽኝ ነበር። ገና መጣ፣ ፋሲካም መጣ፣ አንቺ አልመጣሽም። ሰው ቤት መሰጠቱ አይደለም እስከ ዛሬ የሚያመኝ። ሊወስደኝ የመጣ አለመኖሩ ነው።

እትዬ ከመሞቷ በፊት፣ «እናትሽን አትቀየሚያት፣ ውሳኔው የእሷ አልነበረም» አለችኝ። ታዲያ የማን ነበር? የአባዬ? እሱን እንዳልጠይቀው አፈር ገብቷል። ከቀዶ ጥገናው በፊት ካንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ። ለምን «በፊት» እንዳልኩ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አታስጽፊኝ።

ለመድኃኒቱ በቴሌብር ብር ልኬያለሁ። ኢንሱሊኑን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጠው፣ በረዶ ቤት ግን እንዳያስገባው፤ አንዴ በረዶ ከሆነ አይሠራም። ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ቀኑ ሲታወቅ ከሦስት ቀን በፊት ደብረ ብርሃን እገባለሁ። ነገሩን በስልክ እንዳትነግሪኝ። ቁጭ ብለን፣ ሁለታችን ብቻ። ታናሼ ያን ጊዜ ውጭ ይቆየን።

ልጅሽ